ከረጢት ሙሉ መለዋወጫ ይዘህ ከየት ትጀምራለህ?

ከዴንቨር የጻፈልኝ አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ያገለገለ የኤስዲ 40-2 ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል ገዝቷል። መጠኑ 1 ለ 87 ነው። ቀለሙ በርሊንግተን ኖርዘርን የተባለው የአሜሪካ ባቡር ድርጅት አረንጓዴ ሲሆን፣ በፈረንጆቹ የ1980ዎቹን መልክ እንዲይዝለት ይፈልጋል። ከሞዴሉ ጋር አንድ ከረጢት መለዋወጫ ደርሶታል። ክላክስ አለ፣ የአየር ቱቦዎች አሉ፣ የበረዶ መግፊያ፣ ከፊት ዝቅ ብለው የሚገጠሙ ሁለት ትንንሽ መብራቶች፣ የመስታወት መጥረጊያና ቀጭን የነሐስ ሽቦም አለ። የእጅ መጨበጫዎቹን ለመግጠም ሲበሳ ፑንታው እየሸሸ መስመሩ ተጣመመበት። በሱፐር ግሉ የለጠፈው ክላክስ ገና ሲነካ ይወልቃል። የጋቢናው መስታወት ደግሞ ነጭ ጉም ለበሰ። “ሁሉንም ልግጠም ወይስ ልተወው? አባቴ ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ነበር የሚሠራው። በዚህ እጄን ካፍታታሁ በኋላ የእኛን ባቡር መሥራት እፈልጋለሁ” ይላል።

ወንድሜ፣ አትተወው። የነገርከኝ ሁሉ የሚስተካከል ነው። መጀመሪያ ግን ከረጢቱን ዝጋው።

ከዚያ ፎቶ ፈልግ። የኤስዲ 40-2 ፎቶ ስልህ የትኛውንም ማለቴ አይደለም። የአንድ ሎኮሞቲቭ፣ ጎኑ ላይ ቁጥሩ የሚነበብ፣ የተነሳበት ዓመት የታወቀ ፎቶ ይሁን። ኢኤምዲ የተባለው የአሜሪካ አምራች ይህን ባለ 3,000 ፈረስ ጉልበት ሎኮሞቲቭ ማምረት የጀመረው በ1972 ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ወደ 4,000 የሚጠጋ ተሠርቷል። እያንዳንዱ የባቡር ድርጅት በራሱ ምርጫ ነበር የሚያዘው። ክላክሱ ይለያያል፣ የሚቀመጥበት ቦታም ይለያያል። በሞዴል ሥራ ላይ በብዛት የማየው ችግር የመለዋወጫ ማነስ አይደለም። ከረጢት ውስጥ ስላለ ብቻ የተገጠመ ዕቃ ነው።

ያንተኑ ከረጢት እንይ። እነዚያ ዝቅ ብለው የሚገጠሙት ሁለት መብራቶች በአሜሪካ ሎኮሞቲቮች ላይ በብዛት የታዩት በ1990ዎቹ ነው። በሕግ ግዴታ የሆኑት ደግሞ በ1997 ማብቂያ ነው። በዚያን ጊዜ በርሊንግተን ኖርዘርን ሳንታፌ ከተባለው ሌላ የባቡር ድርጅት ጋር ተዋህዶ ነበር። የ1980ዎቹን መልክ ከፈለግህ እነሱን ለሌላ ሞዴል አስቀምጣቸው። ጣራው ላይ ያሉትን ቬንትሌተሮችም አስተውል። ከኋላ በራዲያተሩ ላይ ሦስት፣ መሀል ላይ ደግሞ የዳይናሚክ ፍሬኑን (በሞተሮቹ አማካኝነት ፍጥነት የሚቀንሰውን ፍሬን) ሙቀት የሚያስወጡ ሁለት አሉ። ወደ 1980 አካባቢ ኢኤምዲ ድምፁን ለመቀነስ የራዲያተሩን ቬንትሌተር ቅርጽ ቀይሯል። ስለዚህ ቀድሞ የተሠራው ከኋለኛው ይለያል። ልዩነቱን በደንብ የምታየው ከላይ በተነሳ ፎቶ ነው። ከድልድይ ላይ የተነሱ ፎቶዎችን ፈልግ፤ ጣራ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ፎቶው ከተገኘ በኋላ ወደ ቀዳዳው እንሂድ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

የሸሸው ቀዳዳ መደፈን አለበት፤ ግን በሱፐር ግሉ አትድፈነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ከፕላስቲኩ ይጠነክራል። እንደገና ስትበሳ ፑንታው ጠንካራውን ሸሽቶ ወደ ለስላሳው ይገባል፤ ያው ጥመት ይመለስብሃል። ድፍኑም ራሱ ፕላስቲክ መሆን አለበት። መለዋወጫዎቹ ተያይዘው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርገህ ይዘህ አሙቀውና ቀስ ብለህ ጎትተው። ቀጭን ክር ይወጣዋል። ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ክተትና ፕላስቲክ የሚያቀልጠውን ፈሳሽ ሙጫ በቀጭን ብሩሽ ጠብ አድርግበት። ሳትነካካው ይደር። በማግስቱ ትርፉን በስለት ቆርጠህ 600 ቁጥር በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነካህ አስተካክለው። አሁን ያልተበሳ ያህል ነው።

ከመብሳትህ በፊት ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የተቀረጹትን የውሸት መጨበጫዎች ሙሉ በሙሉ ፍቀህ አንሳ። አፉ እንደ መሮ ጠፍጣፋ የሆነ ስለት ተጠቀም፤ ስለቱን አስተኝተህ ወደፊት ግፋ። ግማሹ ከቀረ ፑንታው ከጉብታው ላይ ይንሸራተታል። መጀመሪያ የሸሸብህ በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ፑንታህ 0.34 ሚሊ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ 80 ቁጥር ብለህ ብትጠይቅ የሚሰጡህ ይህን ነው። የምትገጥመው ሽቦ 0.3 ሚሊ ስለሆነ ልኩ ነው። የኤሌክትሪክ ትራፓኖ አትጠቀም። ሲፈጥን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ፑንታው ላይ ተጠምጥሞ ይሰብረዋል። በጣት የሚሽከረከረውን ትንሽ መያዣ ተጠቀም። ፑንታውን ሳሙና አስነካው፤ ሁለት ሦስት ዙር አዙረህ አውጣው፤ ፍርፋሪውን ጥረግና መልሰው።

ቀዳዳዎቹ እኩል ርቀት እንዲኖራቸው በዓይን አትለካ። ፎርማ ሥራ። ከተጣለ ቆርቆሮ ወይም ከነሐስ ላሜራ የጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ውሰድ። እውነተኛው መጨበጫ ብዙውን ጊዜ 18 ኢንች ስፋት አለው። በ1 ለ 87 ሲሰላ 5.25 ሚሊ ይሆናል። በዚህ ርቀት ላሜራው ላይ ሁለት ቀዳዳ ብሳ። ከዚያ ሞዴሉ ላይ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ቦታ በመርፌ ጫፍ ጫን ብለህ ምልክት አድርግና ብሳው። በላሜራው አንዱ ቀዳዳ አልፎ ሞዴሉ ላይ ወደበሳኸው እንዲገባ ቁራጭ ሽቦ ሰካበት። አሁን ላሜራው በሽቦው ላይ ይዞራል እንጂ አይንሸራተትም። ከኮፈኑ ጠርዝ ጋር ቀጥ አድርገው፣ በጣትህ ያዘው፣ ሁለተኛውን በላሜራው ቀዳዳ ውስጥ ብሳ። ሁሉንም እንዲህ ከሠራህ እንደ መሰላል የተደረደሩት መጨበጫዎች ከታች እስከ ላይ ቀጥ ይላሉ።

ሽቦውን በመጨበጫው ቅርጽ አጥፈህ ስትሰካ ደግሞ በሽቦውና በኮፈኑ መሀል 0.75 ሚሊ ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ስስ ቁራጭ አስገባ። ሽቦውን ቁራጩን እስኪነካ ግፋው። የሁሉም ክፍተት እኩል ይሆናል። ሙጫውን ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ አስነካው፤ ከውጭ በጭራሽ። ሲደርቅ ቁራጩን ሳብና አውጣ፤ ከውስጥ የተረፈውን ሽቦ ቁረጥ።

ወደ ክላክሱ ልምጣ። የተሳሳተ ሙጫ አልመረጥክም። ብረትን ከፕላስቲክ ጋር ለማያያዝ ሱፐር ግሉ ልክ ነው። ችግሩ ክላክሱ የቆመው በሙጫ ብቻ መሆኑ ነው። ለስላሳ ብረት በተቀባ ጣራ ላይ ሲለጠፍ ሙጫው የያዘው ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ክላክሱ ከሥሩ እግር ካለው ጣራውን በእግሩ ልክ ብሳለት። እግር ከሌለው ሥሩን በ0.4 ሚሊ ፑንታ በስተህ ሽቦ አስገባበት። ከጣራው በታች 2 ሚሊ ያህል ሽቦ ይውጣ፤ ሙጫው እዚያ ይግባ። እንደዚህ የተገጠመ ዕቃ በጎኑ ቢገፋ እንኳ አይወልቅም። ደወሉም የጋቢናው ጣራ ላይ የሚሆነው አንቴናም በዚሁ መንገድ ይገጠማል። ከባድ ለሆነው የበረዶ መግፊያ ግን ሁለት ተቀላቅሎ የሚሠራውን ኢፖክሲ እመርጣለሁ። ብታጣምመው ለማስተካከል ጊዜ ይሰጥሃል።

ነጭ ቀለም ያላቸው ለስላሳ የብረት መለዋወጫዎች አንዳንዶቹ እርሳስ አለባቸው። በሞረድ ስትሞርዳቸው ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ እጅህን ታጠብ። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ምግብ ከሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አትሥራ።

የመስታወቱ ጉም ከሱፐር ግሉ የሚወጣው ትነት ነው። ሙጫው ሳይደርቅ ይተንና አጠገቡ ያለው ነገር ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ የጣት አሻራ ያረፈበትን ቦታ ደግሞ ይበልጥ ይወዳል። ስለዚህ መስታወት የሚገጠመው ከሁሉም በኋላ፣ ሙጫውም ቀለሙም ከደረቀ በኋላ ነው። አሁን ጉም የለበሰውን አውጣው። ጉሙ ስስ ከሆነ ለፕላስቲክ በሚሆን ማጽጃ ክሬም ቀስ ብለህ እሸው። ካልለቀቀ 0.25 ሚሊ ውፍረት ካለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ በዋናው ልክ ቁረጥለት። አዲሱ እንዲያውም ስስ ስለሆነ የበለጠ ያምራል።

አንድ ነገር ላይ አደራ እልሃለሁ። ከፊትና ከኋላ ያለውን የበረዶ መግፊያና የአየር ቱቦ ከማጣበቅህ በፊት ሎኮሞቲቩን አስኪደው። መጀመሪያ የማያያዣ ጋንቾውን ከፍታ በመለኪያው አረጋግጥ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይነሳል። ከዚያ መግፊያውን በትንሽ የሚለጠፍ ፑቲ ለጊዜው አያይዝና ካለህ በጣም ጠባብ ኩርባ ላይ አንድ ፉርጎ እያስጎተትክ አሽከርክረው። ይህ ባለ ስድስት አክስል ረጅም ሎኮሞቲቭ ነው፤ በዚህ መጠን እንኳ 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 18 ኢንች ሬዲየስ ባለው ኩርባ ላይ አፍንጫው ከሐዲዱ ብዙ ይወጣል። ጋንቾውም ወደ ጎን ሲዞር ቱቦዎቹን ይገፋል። ከነካ ቱቦውን በትንሹ ወደ ውጭ አድርገው። መግፊያው ከሐዲዱ በላይ 1 ሚሊ ያህል ክፍተት ይኑረው፤ አለበለዚያ የሐዲድ መገጣጠሚያ ላይ ይንጠለጠላል።

ቀለሙ ቀላል ነው። አካሉን ለብ ባለ ውሃና በሳህን ማጠቢያ ሳሙና እጠብ፤ አድርቅ፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንካው። ነሐሱን ፕራይመር ቀባ። አረንጓዴውን ከአዲስ ጠርሙስ እንዳለ አትጠቀም። የቆየው ቀለም ደብዝዟል፤ ጠብታ ነጭ ጨምርበትና መጀመሪያ ከሥር በማይታይ ቦታ ሞክረው። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ሞዴልህ የጎን መደገፊያው ያ ወዝ ያለው የሚታጠፍ ፕላስቲክ ከሆነ ሙጫም ቀለምም አይይዘውም። በቀዳዳው ውስጥ በደንብ ገፍተህ አስገባውና ተወው።

አሁን ስለ ድሬዳዋው ባቡር። አሳብህ ደስ አሰኝቶኛል። ዝግጅቱን ዛሬ መጀመር ትችላለህ። አሁን የሚሠራው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሄድና ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ስፋት ያለው ነው። አባትህ የሠራበት የድሮው ግን በአንድ ሜትር ሐዲድ ነበር የሚሄደው። ስለዚህ በዴንቨር ያለህ 16.5 ሚሊ ሐዲድ አይሆንህም። በ1 ለ 87 ለሜትር ሐዲድ የሚሸጠው ባለ 12 ሚሊ ነው።

ከቤተሰቡ አልበም ውስጥ ሎኮሞቲቭ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የተነሳበት ፎቶ ፈልግ። ልኬት ያለው ሥዕል ባታገኝ እንኳ ሐዲዱ ራሱ መለኪያህ ነው። ሎኮሞቲቩ አፍንጫ ሥር፣ በሁለቱ ሐዲዶች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለካ። እውነተኛው ርቀት 1,000 ሚሊ ነው። ፎቶው ላይ 40 ሚሊ ከሆነ እያንዳንዱ ሚሊ 25 ሚሊ ይወክላል ማለት ነው። የጋቢናው ስፋት ፎቶው ላይ 110 ሚሊ ቢሆን እውነተኛው 2,750 ሚሊ ነው፤ ለ87 ስታካፍለው ሞዴልህ ላይ 31.6 ሚሊ ይመጣል። ከሎኮሞቲቩ ፊት ራቅ ብሎ ወደ ካሜራው የቀረበውን ሐዲድ ግን አትለካ፤ በቅርበቱ ሰፍቶ ስለሚታይ ስሌቱን ያበላሽብሃል። አባትህ በሕይወት ካሉ ደግሞ ፎቶውን ይዘህ አጠገባቸው ተቀመጥ። የክላክሱን ቦታና የደረጃውን ብዛት ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እያንዳንዷን ጻፍ።