ባክቴሪያው ሰው ውስጥ መግባቱን በምን ያውቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ አርኤንኤ ስራው የዲኤንኤን መልእክት ማድረስ ነው ተብለን ነው የተማርነው፣ አሁን ደሞ የባክቴሪያን ጂን ያበራል ያጠፋል ሲባል ሰማሁ፣ እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ የተማርሽው ልክ ነው ግን ግማሹ ነው። ሊስቴሪያን እንይ፣ በምግብ የሚመጣውን፣ ይሄ ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥ እንኳን ይራባል፣ እዛ እያለ ግን የማጥቂያ ፕሮቲኖቹን ቢያመርት ጉልበቱን በከንቱ መጨረስ ነው። ስለዚህ ፒአርኤፍኤ ለሚባለው አዛዥ ፕሮቲን መልእክቱን የያዘው አርኤንኤ መነሻው ላይ ይታጠፍና ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሰራው የሴል ማሽን) የሚያርፍበትን ቦታ ይሸፍነዋል፣ ከ30 ዲግሪ በታች እንደታጠፈ ነው፣ 37 ላይ ማለትም የኛ ሰውነት ሙቀት ላይ ሲደርስ እጥፋቱ ይላላና ፕሮቲኑ መመረት ይጀምራል፣ ከዛ ከሴል ወደ ሴል መዛመቻው ምናምኑ ሁሉ ይከተላል። መልእክቱ ራሱ ቴርሞሜትር ነው ማለት ነው! ግኝቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው፣ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ደሞ ሙቀት ሳይሆን ብዛቱን ነው የሚያየው፣ ሲበዛ አርኤንኤ ስሪ የሚባል 514 ፊደል ያለው አርኤንኤ ያመርታል፣ እሱም ሌሎች መልእክቶች ላይ እየተጣበቀ መርዙን ያስጨምራል፣ ሴል ላይ መለጠፊያ ፕሮቲኖቹን ይቀንሳል።