የአያትዎ ጀበና ሥዕል ለሥራ ማመልከቻ ይበቃል ወይ?

ውድ ጠያቂ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርትዎን ዘንድሮ እንደሚያጠናቅቁ ገልጸው፣ የሴት አያትዎን ጀበና የሣሉበትን የውኃ ቀለም ሥራ ልከውልኛል፤ «እንዲህ ያለ ተራ ዕቃ ለቀጣሪ ባሳይ ይንቀኛል ወይ?» ሲሉም ጠይቀዋል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሥዕሉን ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ።

ከጀበናዋ ቂጥ ተነሥቶ ወደ ሆዷ እየሳሳ የሚወጣው ጥላሸት በአንድ ጊዜ የተቀባ ጥቁር አይደለም፤ ስስ ቀለም እስኪደርቅ ታግሠው፣ በላዩ ሌላ ስስ ቀለም እየደረቡ ያገኙት ነው። በአንገቷ ላይ የምታበራው ቀጭን መስመርም ብሩሽ ያልነካው ወረቀት ናት፤ በውኃ ቀለም የጠቆረን ስፍራ መልሶ ማንጣት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ብርሃኑን ከመጀመሪያው አስበው እንዳስቀሩት ይታያል። የእጀታዋን ስንጥቅ አለመሸፋፈንዎን ከሁሉ አብልጬ ወድጄዋለሁ። ማቶቱን ግን ቸኩለው ስላለፉት እንደገና ይሥሩት።

ይህ ችሎታ የእንጀራ ሥራ ሆኖ ያውቃል። በአሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መንግሥት ሥራ ያጡ ሠዓሊዎችን ቀጥሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1942 ድረስ ማሰሮ፣ ወንበር፣ አሻንጉሊትና የአልጋ ልብስ ሳይቀር በአብዛኛው በውኃ ቀለም አሥሏል። «የአሜሪካ ዲዛይን ኢንዴክስ» ተብሎ ከሚጠራው ከዚህ ሥራ 18,000 ያህል ሥዕሎች ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ተጠብቀው ይገኛሉ። ዓላማው የዕቃዎቹን ቅርጽ፣ ቀለምና የአሠራር ስልት በታማኝነት መዝግቦ ማቆየት ነበር።

ስለዚህ ጀበናዋን ከሥራ ማሳያዎ አያውጧት፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ገጽ ያስቀምጧት። ለሙዚየም ወይም ለአርኪዮሎጂ ጥናት የሚያመለክቱ ከሆነ ግን ውበት ብቻውን አያስቀጥርም፤ በዚያ ሙያ የሸክላ ገል ሳይቀር በልኬት፣ ብዙ ጊዜም በቀለም ሳይሆን በጥቁር መስመር ይሣላል። ያችኑ ጀበና ከጎንና ከላይ በእርሳስ ይሣሉ፤ ቁመቷን፣ የሆዷንና የአፏን ስፋት በሴንቲሜትር ይጻፉ። ከዚያ ከዚያው ቤት ሦስት ወይም አራት ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ሙዳይ፣ ረከቦትና ሙቀጫ፣ በዚሁ መንገድ ይጨምሩ። የሚልኩትን ቅጂ በስካነር ያንሡት፤ በአምፖል ብርሃን የተነሣ የስልክ ፎቶ ያን የሳሳ ጥላሸት ያጠፋብዎታል።

አያትዎን ደግሞ ጀበናዋን ከየት ገበያ፣ በየትኛው ዓመት እንደገዟትና ስንጥቋ እንዴት እንደመጣ ጠይቀው፣ መልሳቸውን በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ይጻፉት።