መስኪ ዓሣን ሳይጎዱ መልቀቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የካናዳዋን ኦታዋ ከተማ አቋርጦ በሚያልፈው ሪዶ ወንዝ መስኪ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ አጥምጄ መልሼ እለቃለሁ። ባለፈው የለቀቅሁት ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተንሳፈፈ። ምን አጥፍቼ ይሆን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መዘግየት ነው። መስኪ ረጅም ትግል ሲገጥም ጡንቻው ይዝላል፤ ያኔ አየር ላይ ማቆየት ሯጭን አፍኖ እንደመያዝ ነው። ስለዚህ ቀጭን ክር ይተው፤ 80 ፓውንድ (36 ኪሎ ገደማ) ክብደት የሚችል የተጎነጎነ የማጥመጃ ክር ይጠቀሙ፣ ጥርሱ እንዳይበጥሰውም ጫፉ ላይ ሽቦ ይሰሩለት። የውኃው ሙቀት 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ኦክስጅን ስለሚያንስ ያን ዕለት መስኪን ባያጠምዱ ይሻላል።

የከተማ ወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ የኮንክሪት ግንብ ነው። ዓሣውን ጎትተው ግንቡ ላይ አያውጡት፤ የሚከላከልለት ልጋግ ይገፈፋል። እጀታው ረጅም፣ ጎማ የተቀባ ሰፊ መረብ ይያዙ፤ መንጠቆውንም ዓሣው መረቡ ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ በረጅም ፒንሳ ይንቀሉ። ወደ ስንጥቡ፣ ማለትም ወደሚተነፍስበት አካሉ፣ የተጠጋ መንጠቆ ካዩ አይታገሉት፤ በሽቦ መቁረጫ ቆርጠው ቁርጥራጩን ያውጡ። መንጠቆ ይገዛል፤ የተቀደደ ስንጥብ ግን ደሙ በቀላሉ አይቆምም።

ፎቶ ካማረዎት ካሜራው አስቀድሞ ይዘጋጅ። እጅዎን አርጥበው አንዱን ከስንጥቡ ክዳን ሥር፣ ሌላውን ከሆዱ በታች አድርገው አግድም ያንሱት፤ ከ10 ሰከንድ በላይ አያቆዩት። በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥለው አይያዙት።

ሲለቁት ጅራቱን ይዘው ቀጥ አድርገው ይደግፉት፤ ወደ ኋላና ወደ ፊት አይናጡት። ራሱ ተፈናጥሮ ከእጅዎ ሲያመልጥ ያን ጊዜ አቅሙ ተመልሶለታል።