የስቱዲዮ ጥያቄና መልስ፦ ማሲንቆው ለምን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ስቱዲዮ አድርጌያታለሁ። ላፕቶፕ፣ ባለ 2 ግብዓት ሳውንድ ካርድና አንድ ኮንደንሰር ማይክ አለኝ። ማሲንቆና ክራር ነው የምቀዳው። ማሲንቆው ላይ ትንሽ ፒየዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር ክብ ነገር) ለጥፌ በቀጥታ ስሰካው ድምፁ ይቀጥናል፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ጓደኛዬ ባለ 6 ቦታ የ500 ሲሪስ ሣጥን (ሞጁል የሚባሉ ተነቃይ የድምፅ መሣሪያዎች የሚሰኩበትን) ገዝተህ ፕሪአምፖቹን (ደካማ ድምፅ የሚያጎሉትን) አንድ በአንድ ሰካበት ይለኛል። ብር እያጠራቀምኩ ነው። ልግዛ ወይስ ራሴ ልሥራ? ሶልደር ማድረግ እችላለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩን አሁን አታውጣ። መጀመሪያ ድምፁ ለምን እንደቀጠነ እንይ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የፕሪአምፑ ጥራት አይመስለኝም። ፒየዞው የተሰካበት ቀዳዳ ነው።

ፒየዞ ለኤሌክትሪክ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ነው። ያቺ ክብ፣ ቢጫ፣ 27 ሚሊ ሜትር የምትሰፋው ፒየዞ ከ15 እስከ 20 ናኖ ፋራድ ገደማ አላት። የሚቀበላት ግብዓት ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ዝቅ ካለ ወፍራሙ ድምፅ አያልፍም። ባለ 15 ናኖ ፋራዷን 2 ኪሎ ኦም በሆነ የማይክ ግብዓት ብትሰካት ከ5,300 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል። የማሲንቆው ገላ እኮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው! 10 ኪሎ ኦም በሆነ የላይን ግብዓት (ቀድሞ የጎላ ድምፅ በሚቀበለው) ብታደርጋት መሳሳቱ ከ1,060 ኸርዝ ይጀምራል። 1 ሜጋ ኦም በሆነ የመሣሪያ ግብዓት ግን እስከ 10 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል፤ ሁሉም አለፈ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሳውንድ ካርድህን ገልብጠህ እየው። ግብዓቱን የመሣሪያ ግብዓት የሚያደርግ «ኢንስት» ወይም «ሃይ ዚ» የሚል ቁልፍ ካለው ተጫነውና እንደገና ቅዳ። ብዙዎቹ ላይ አለ፣ ብዙ ሰውም አያየውም። እኔ ደሴ ውስጥ አንድ ሙሉ አምባሰል በላይን ግብዓት ቀድቼ፣ ኋላ በኢኳላይዘር ሳክምና ሳክም ከረምኩ። ያልተቀዳ ድምፅ በኢኳላይዘር አይመጣም። ተጫዋቹን ሁለተኛ ማስቸገር ግድ ሆነብኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቁልፉ ከሌለ ፒየዞውን ተቀብላ ወደ ሳውንድ ካርዱ የምታስተላልፍ ትንሽ ሣጥን ራስህ ሥራ። ሶልደር ከቻልክ የግማሽ ቀን ሥራ ናት። ቲኤል 072 የምትባለውን አይሲ ፈልግ፤ ከተበላሹ ሚክሰሮችና የጊታር አምፖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ትገኛለች፣ ደሴ ፒያሳ ያሉ ሬዲዮ ጠጋኞችን ጠይቅ። 4558 የምትለዋን «ያው ናት» ብለው ቢሰጡህ ለዚህ አትሆንም፣ መግቢያዋ እንደ ቲኤል 072 አይደለም። በ9 ቮልት ባትሪ ታሠራታለህ። ሁለት 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ቮልቴጁን ለሁለት ይከፍሉታል፣ መሃሉን በ10 ማይክሮ ፋራድ ከግራውንድ ጋር ታገናኘዋለህ። ከዚያ መሃል እስከ አይሲዋ የፕላስ መግቢያ ከ1 እስከ 10 ሜጋ ኦም ያለው አንድ ሬዚስተር። ፒየዞው በ100 ናኖ ፋራድ አልፎ እዚያው ፕላስ ላይ ይገባል። የማይነሱ መግቢያ ከውጤቱ (ከአይሲዋ መውጫ) ጋር ይታሰራል፣ ውጤቱ በ10 ማይክሮ ፋራድ አልፎ ወደ ጃኩ ይወጣል። አይሲዋ ውስጥ ሁለት አምፕ ስላለ የማትጠቀምበትን ባዶውን አትተወው፤ ማይነሱን ከውጤቱ፣ ፕላሱን ከመሃሉ ጋር እሰረው። ሁሉንም በብረት ሣጥን ክተትና ሣጥኑን ከግራውንድ ጋር አገናኝ፤ ፕላስቲክ ከሆነ የመብራቱን ዝዝዝታ ሁሉ ይሰበስባል። ከፒየዞው እስከ ሣጥኑ ያለው ገመድ አጭር ይሁን፣ ከዚያ ወዲያ ቢረዝምም ችግር የለውም።

ፒክአፕ ልቀይር ካልክም የጊታር ማግኔት ፒክአፕ ለማሲንቆ አትግዛ። ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ ማግኔት አያየውም። የጅማትና የናይለን ክር ያለው ክራርም እንደዚያው። የብረት ክር ያለው ሊድ ክራር ላይ ግን ማግኔቱ ጥሩ ይሠራል። ማሲንቆ ላይ ፒየዞውን ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጎ በያዘው ትንሽ እንጨት እግር አጠገብ ሞክር። ማይክህንም አትጣለው፤ የደጋኑን ትንፋሽ የሚያመጣው እሱ ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀድቼ ነው የምቀላቅለው። ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው፣ ወይም የጭነት መኪና በበርህ ሲያልፍ፣ ፒየዞው ብቻውን ያድንሃል።

አሁን ወደ 500 ሲሪስ። መጥፎ ነገር አይደለም፣ እኔም እወደዋለሁ። የኤፒአይ ኩባንያ ያመጣው አሠራር ነው፤ ሣጥኑ ለሁሉም ሞጁል ፕላስና ማይነስ 16 ቮልት ይሰጣል፣ ለማይኩም 48 ቮልት። ሞጁሉ አንድ ኢንች ተኩል ይሰፋል፣ ባለ 15 ፒን መሰኪያ አለው፣ የፈለግከውን ኩባንያ ሠራሽ ታቀላቅላለህ። ነገር ግን የአንተ ሳውንድ ካርድ ግብዓቱ 2 ብቻ ነው። 6 ፕሪአምፕ በአንድ ጊዜ የት ታስገባዋለህ? ባለ 2 ወይም ባለ 3 ቦታ ይበቃሃል። ስትገዛ ሞጁሎቹ የሚበሉትን ሚሊ አምፔር ደምረህ ሣጥኑ ከሚችለው ጋር አስተያይ። ከፊት ለፊት የመሣሪያ ግብዓት መኖሩንም አረጋግጥ፣ ማይክ ብቻ የሚቀበሉ ሞሉ። ከሣጥኑ የሚወጣውን ደግሞ ወደ ሳውንድ ካርዱ ላይን ግብዓት አስገባ፤ ማይክ ላይ ከሰካኸው ድምፁ በሁለት ፕሪአምፕ ያልፋል፣ የገዛኸው አንዱ ጣዕሙን ያጣል። ሞጁል ስትሰካና ስትነቅል ሁልጊዜ መብራቱን አጥፋ።

ሞጁሉን በኪት (ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ) ገዝተህ መገጣጠም ትችላለህ፣ ደስም ይላል። ሣጥኑን ግን፣ ማለትም 220 ቮልት የሚገባበትን ክፍል፣ የመጀመሪያ ሥራህ አታድርገው። እሱን ተሠርቶ ያለቀ ግዛ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው። ቤዝ ጊታር ስቀዳ የላፕቶፑ ቻርጀር ከተሰካ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይገባል፤ ስነቅለው ይጠፋል። የቻርጀሩን የኧርዝ እግር ቁረጪው ብለውኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳትቆርጪው! ያ እግር ነፍስሽን የሚጠብቅ ነው። ስትቀጂ ላፕቶፑን በባትሪው አሠሪ። መብራት ቢጠፋም ሥራሽ አይቋረጥም። በቻርጀር መሥራት ግድ ከሆነ ላፕቶፑንም፣ የተሰኩትን ስፒከሮችም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኪያቸው። ካልጠፋ በቤዙና በሳውንድ ካርዱ መካከል ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ ለማይክ ግብዓት የሚያስማማ ትንሽ ሣጥን) አስገቢ፣ የግራውንዱን ግንኙነት ይለያየዋል። የቤትሽ ሶኬት ኧርዙ በእርግጥ ወደ መሬት መውረዱን ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ይይልሽ፤ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ቀዳዳው ኖሮ ሽቦው የሌለበት ብዙ አጋጥሞኛል።