ተራዋ ሲደርስ «አሞኛል» ለምትል ተማሪ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከመንዝ መጥተሽ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ውጤትሽ ደህና ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን ተናግረሽ አታውቂም። በቡድን ሥራ ጽሑፉን አንቺ ታዘጋጃለሽ፣ ሌላው ወጥቶ ያቀርባል። ባለፈው ተራሽ ሲደርስ አሞኛል ብለሽ ዶርም ቀረሽ። «ከምቾት ቀጠናሽ ውጪ ይሉኛል፤ እንዴት ነው የሚወጣው?» ብለሻል።

«የምቾት ቀጠና» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ኋላ ወንበር ላይ አንገት ደፍቶ «ዛሬ ይጠራኝ ይሆን?» እያሉ መቀመጥ ምኑ ነው ምቾቱ? የለመድሽው ጥግ ነው እንጂ። ጥጉን የሚያጠነክረው ደግሞ መቅረትሽ ነው። ዶርም በቀረሽ ቀን ጭንቀቱ ወዲያው ቀለለሽ፤ አእምሮሽም «ያዳነኝ መቅረቴ ነው» ብሎ ያዘ። በሚቀጥለው ብሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ድፍረት እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ፍርሃቱ እያለ እዚያው ቆዪ። ካልቆየሽ እንደሚበርድ አታዪውም።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቁሚ ግን አልልሽም። በአንድ ቀን ወኔ ለክበብ ሊቀመንበርነት የሚወዳደሩ ብዙዎች ደንግጠው ዳግም አይመለሱም። መጀመሪያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጪ፣ ምንም ሳትናገሪ። ቀጥሎ፣ ማታ ደብተርሽ ላይ የጻፍሽውን አንድ ጥያቄ ከክፍለ ጊዜው በኋላ መምህሩን ጠይቂ። ከዚያ በሳምንት አንድ ጥያቄ በክፍል ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች። «ቆይ፣ አሁን» ስትይ ሰዓቱ ያልቃል። ፍርሃትሽን ከ10 እየለካሽ ጻፊ፤ ወደ 4 አካባቢ ሲወርድ ወደሚቀጥለው እለፊ። ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ይጠይቃል። «ዝም አይነቅዝም» ተብለሽ ካደግሽ እጅ ማውጣት ብልግና ሊመስልሽ ይችላል፤ መምህሩ ግን ጥያቄውን የሚያየው ትምህርቱን እንደመከታተል ነው።

ወደ ፕረዘንቴሽኑ እንምጣ። የቡድን ሥራ ሲከፋፈል፣ በመጀመሪያው ቀን፣ «መግቢያውን እኔ አቀርባለሁ» በይ። ቆየት ካልሽ ቦታው ይያዛል፣ አንቺም ተመልሰሽ ጸሐፊ ትሆኛለሽ። መግቢያውን ያልኩሽ በምክንያት ነው። አምስት ሆናችሁ 15 ደቂቃ ብትካፈሉ ለየሰው 3 ደቂቃ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው 12 ደቂቃ ሙሉ ልቡ ሲመታ ይቆያል። ርዕስ መምረጥ ከተፈቀደ የመንዝን በግ ምረጪ። ብርዱን እንዴት እንደሚችል፣ መኖ ሲጠፋ ላቱ እንዴት እንደሚከሳ፣ ጠጉሩ ተፈትሎ ባና (ወፍራም ብርድ ልብስ) እና በርኖስ (ካባ) እንደሚሆን እዚያው አድገሽበታል። የሚያውቁትን መናገር የፍርሃቱን ግማሽ ይቀንሳል።

ሙሉውን ጽፈሽ አትሸምድጂ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አንድ ቃል ሲጠፋ የቀረው ተከትሎት ይሄዳል። በቃል የሚያዘው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ለመሀሉ አምስት ስድስት ቁልፍ ቃላት ይበቃሉ። እንግሊዝኛው ሲያስቸግርሽ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሪ። ልምምዱ ቆመሽ፣ ድምፅ አውጥተሽ ይሁን፦ አንዴ ብቻሽን፣ አንዴ ስልክ ላይ እየቀዳሽ፣ አንዴ በዶርም ጓደኞችሽ ፊት። በዓይን ማንበብ ልምምድ አይባልም። ቁልፍ ቃላቱን ነጠላ ወረቀት ላይ ይዘሽ አትውጪ፤ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ላይ ለጥፊው። ደግሞ የደብረ ብርሃን የኅዳር ጠዋት ራሱ ያንቀጠቅጣል፤ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ ሁሉንም በፍርሃት አታሳቢ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ትንፋሽ የሚያሳጥርሽና እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ የተማሪዎች ምክር አገልግሎትን አነጋግሪ።

ቀሪው ከግቢ ውጭ ያለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ ግድ ሆኗል፤ እሱን ዝምተኛም ያልፈዋል። ቃለ መጠይቅ ግን በአፍ ነው። ከክረምቱ በፊት ከዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሂጂ፤ በበግ ላይ የሚሠራ ስለሆነ ለአንቺ የቀረበ ነው። የምትጠይቂው የተወሰነ ይሁን፦ «የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ለሁለት ሳምንት ያለ ክፍያ መረጃ በመመዝገብ ላግዝ።» «ማንኛውንም ሥራ» ያልሽ እንደሆነ ማን ጋ እንደሚልኩሽ ይቸግራቸዋል። እምቢ ቢሉሽ «ማንን ልጠይቅ?» ሳትይ አትውጪ። ከመሄድሽ በፊት ደብዳቤው ላይ ማኅተሙና ቀኑ መኖራቸውን እዪ፣ አንድ ኮፒም ለራስሽ አስቀሪ።