አጥሩን የገፋው አሸዋው ነው

ጥያቄው ከአዳማ ነው። ጠያቂው ክረምት ላይ ሁለት ቢያጆ አሸዋ አስገልብጠው አጥሩን አስደግፈው አስከመሩት፤ ከፍታው 1 ሜትር ተኩል። አሁን በጥቅምት አጥሩ በመንገድ በኩል ሆድ አውጥቷል። ከታች አራተኛው ረድፍ ብሎኬት ላይም አግድም ተሰንጥቋል። አንድ ባለሙያ «መሠረቱ ሰምጧል» ብሎ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈነላቸው። በሁለት ሳምንቱ ተከፈተ።

ወንድሜ፣ መሠረቱን ይተዉት። መሠረት ሲሰምጥ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ደረጃ እየዘለለ ሰያፍ ይወጣል። የእርስዎ አግድም ነው፣ ሆድም አለው። ከጎን ተገፍቷል። ሳያይ ሲሚንቶ የሚለጥፈውን ሰውዬ እንተወው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ አሸዋውን ከሥሩ ማንም እንዳይቆፍር!

«ክረምቱን ሙሉ ምንም አልሆነም» ብለዋል። ደረቅ አሸዋ ትሪ ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ይከመር ይከመርና ጫፉ እምቢ ይላል፤ የጨመሩት ሁሉ በጎን ይንሸራተታል። ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። በጭልፋም አፍስሱት በሲኖትራክ ያው ነው። ስለዚህ 1 ሜትር ከፍ ያለ ደረቅ ክምር፣ እግሩን ለመዘርጋት በየጎኑ 1 ሜትር ተኩል ያህል ይፈልጋል። አሁን ውኃ ረጨት ያድርጉበት፣ በብርጭቆ ጠቅጥቀው ይገልብጡት። ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ ላይ ያለችው ጠብታ ጎትታ ይዛቸው ነው። ውኃ ሲበዛ ይህ መያዣ ይጠፋል፤ አሸዋው እንደ አጥሚት ይፈሳል። ሲደርቅም ይጠፋል።

የእርስዎ ክምር በእርጥበቱ ራሱን ችሎ ቆሞ ነበር። ፀሐይ ሲያገኘው እግሩን ሊዘረጋ ፈለገ፣ አጥርዎ ከለከለው። በዚያ ከፍታ ከሥር በካሬ ሜትር ወደ 800 ኪሎ ይገፋል። ባለ 15 ሳንቲም ውፍረት ብሎኬት ከላይ ለሚጫነው እንጂ ከጎን ለሚገፋው አይደለም። ያውም የዛሬ ብሎኬት! በሚስማር ሲጭሩት የሚፈረፍር፣ ሲሚንቶ በሩቁ ያየ።

በመንገድ በኩል ሰው እንዳያልፍ በገመድ ይዝጉ። አሸዋውን ከላይ ጀምረው በስሱ ያውርዱ፤ አዲሱ ክምር እግሩ አጥሩን አይንካ። ደግሜ ልበል፣ ከሥር አይቆፈር። ሥሩ ሲወሰድ ላዩ በእርጥበት ተንጠልጥሎ ይቆይና ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። አንድ የቀን ሠራተኛ እስከ ወገቡ ሲቀበር አይቻለሁ። ለማውጣት አራት ሰው ፈጅቷል። ልጆችም ክምሩ ላይ ዋሻ እንዳይሠሩ።

ከዚያ ቱንቢ ይጣሉ። ሆዱ ከ2 ሳንቲም ካለፈ፣ በሁለቱ ኮለን መሃል ያለውን ከላይ ወደታች አፍርሰው እንደገና ያስገንቡ። በክሪክ ገፍቶ ለመመለስ የሚሞክር ከመጣ ያሰናብቱት። ለልስን የሚሆን ሲሚንቶ ገና አይግዙ።