እጅና እግሬ እየቀጠነ ጉበቴ ስብ ያዘ፤ ምን አመጣው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 64 ነው፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጅና እግሬ ቀጥኖ ሆዴ ብቻ ገፋ። ደረጃውን ሳላርፍ አልጨርሰውም። ሰሞኑን አልትራሳውንድ ስነሳ «ጉበትዎ ላይ ስብ አለ» ተባልኩ። ወፍራም አይደለሁም፣ መጠጥም አልቀምስም። ምን አመጣው?

መልስ፦ የእግርዎ መክሳትና የጉበትዎ ስብ የማይገናኙ አይመስሉኝም። ከምግብ በኋላ ወደ ደም የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። ጡንቻ በዕድሜ ይመነምናል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ያኔ ስኳሩ ተረካቢ ያጣል፣ ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ሆርሞን ኢንሱሊንም እንደ ድሮው አይሠራም፤ ጉበት ትርፉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ስብ የያዘ ጉበት በተራው የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል፣ ሰውነት ውስጥ መቆጣት ያስነሳል፤ ይህም ጡንቻን ይጎዳል። ሚዛን ይህን አያሳይዎትም፤ ጡንቻ ሄዶ ስብ ሲተካው ኪሎው እንዳለ ነውና። «ቀጭን ነኝ፣ አያሰጋኝም» ማለት ብዙ ሰው ሲያዘናጋ አያለሁ።

እቤት አንድ ነገር ይሞክሩ። ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው 5 ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀብዎ የጡንቻዎ ጉልበት ቀንሷል። ያው ወንበር መድኃኒትም ነው፦ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ መሃል ላይ እያረፉ፣ መነሳት መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዞ ክንድን ማጠፍ መዘርጋት። እንዲህ ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ኪሎ ባይቀንስ እንኳ የጉበትን ስብ ሊቀንስ ይችላል። የእግር ጉዞም ይጨምሩበት።

እባክዎ ራስዎን አያስርቡ፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። እንጀራውን ቀነስ፣ ሽሮውን ወይም ምስሩን ጨመር ያድርጉ፤ በፍስክ እንቁላልና ወተት አለልዎ። ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ በዕድሜዎ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ሻይ ላይ ስኳሩን ይተዉት፤ ለስላሳውንም። ለጉበት ተብሎ የሚሸጥ ቅጠላ ቅጠል ግን አይንኩ፤ ራሱ ጉበት የሚጎዳ አለበት።

ምርመራው አልትራሳውንድ ላይ አይብቃ። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የደም ስኳር፣ የጉበት ኢንዛይምና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ሕዋሳት) ይታዩልዎ። ኢንዛይሙና ፕላትሌቱ ከዕድሜዎ ጋር ሲሰሉ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ እንደሆነ ይጠቁማሉ። ደረጃ ላይ ደረትዎን የሚያፍንዎ ከሆነ ደግሞ ከወንበሩ በፊት ልብዎ ይመርመር። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሆድዎ ውሃ ከቋጠረ ወይም ሰገራዎ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።